ምዕራፍ ሰባት፦ ድራይቨር በዩኒክስ ሥርዓት ስለሚገባበትና ስለሚወጣበት አኳኋን

ከኮምፒዩተር ጋራ የሚያያዙ መሣሪያዎች ሁሉ፣ ዲስኩም ሆነ የኔትወርክ ካርዱ፣ ማተሚያውም ሆነ የድምፅ ካርዱ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይና የየራሳቸው ቋንቋ ስላላቸው፣ አንድ ተራ ፕሮግራም ከእነርሱ ጋራ ያለ አማላጅ ልነጋገር ቢል ለእያንዳንዱ ፋብሪካና ለእያንዳንዱ ሞዴል የተለየ ትምህርት መማር ባስፈለገው ነበር። ይህን ሸክም ከፕሮግራሞች ትከሻ አውርዶ ለብቻው የተሸከመው ድራይቨር የሚባለው የፕሮግራም ወገን ነው። ድራይቨርን ከሌሎች የሚለየው ከግብሩ ይልቅ ማደሪያው ነው፤ ተራው ፕሮግራም በተከለለለት የሜሞሪ ክልል ተወስኖ ሲሠራ፣ ድራይቨር የሥርዓቱ እምብርት በሆነው በከርነል ውስጥ፣ ከከርነሉ ጋራ በአንድ ሥልጣን፣ በመካከላቸው ምንም መጋረጃ ሳይኖር ይኖራል። ከዚህም የተነሣ ተራው ፕሮግራም ቢሳሳት ራሱ ብቻ ይሞታል፤ ድራይቨር ቢሳሳት ግን ማሽኑን በሞላው ይዞት ሊወድቅ ይችላል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የሊኑክስን የምንጭ ጽሑፍ መርምረው፣ በድራይቨሮች ውስጥ የሚገኘው የስሕተት መጠን በቀረው የከርነል ክፍል ከሚገኘው ከ3 እስከ 7 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ማግኘታቸው፣ ይህ ሥጋት ከንቱ አለመሆኑን ያስረዳል።

እንዲህ ያለ ባለሙሉ ሥልጣን እንግዳ ወደ እምብርቱ የሚገባበትና ጊዜው ሲደርስ የሚሰናበትበት ሥርዓት የዚህ ምዕራፍ ነገር ነው። አስቀድሜ የምናገረው አንድ ፍርድ አለኝ፤ ይኸውም፣ ማስገባቱ የትእዛዝ ጉዳይ ሲሆን ማስወጣቱ የሒሳብ ጉዳይ መሆኑ ነው። ብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት ግን ለመግባቱ ሰፊ ገጽ ሰጥተው ለመውጣቱ አንድ መስመር ብቻ ስለሚተዉለት፣ አንባቢው ሁለተኛው የፊተኛው ግልባጭ ይመስለዋል።

ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 ኒው ጀርሲ ውስጥ መሪ ሂል በሚባለው ስፍራ፣ በቤል ላቦራቶሪ፣ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲጀመር፣ የተጠነሰሰበት ማሽን ፒዲፒ-7 የሚባል፣ በዚያን ጊዜም ቢሆን ዘመን ያለፈበት ኮምፒዩተር ነበረ። ሁለቱ ሊቃውንት ካቆሟቸው መሠረቶች አንዱ፣ እነርሱም ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ከፋይል ሥርዓታቸው ክፍሎች ሁሉ እንግዳ መሆኑን የመሰከሩለት፣ እያንዳንዱ መሣሪያ በፋይል አምሳል እንዲታይ ያደረጉበት ዘዴ ነው። «ዴቭ» በሚባለው ዶሴ ውስጥ የሚቀመጠው ይህ ልዩ ፋይል እንደ ሌላው ፋይል ስምና ባለቤት፣ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድም አለው፤ በውስጡ ግን ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም፤ የያዘው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ሜጀር የሚባለው ታላቁ ቁጥር ጉዳዩ ወደ የትኛው ድራይቨር እንደሚመራ ሲያመለክት፣ ማይነር የሚባለው ታናሹ ቁጥር ደግሞ ድራይቨሩ ከሚያዛቸው መሣሪያዎች የትኛው እንደ ተፈለገ፣ አንዳንድ ጊዜም በምን አኳኋን እንደ ተፈለገ ይነግረዋል፤ ለምሳሌ በቴፕ መሣሪያ ላይ፣ ሥራው ሲያበቃ ቴፑ ወደ መጀመሪያው ይጠቅለል ወይስ ባለበት ይቁም የሚለውን የሚወስነው ታናሹ ቁጥር ነበር። በከርነሉ ውስጥ ሁለት ሠንጠረዦች አሉ፤ አንደኛው እንደ ዲስክ ያሉ፣ ያላቸውን በብሎክ በብሎክ ለሚሰጡ፣ ሁለተኛው እንደ ተርሚናል ያሉ፣ ፊደል በፊደል ለሚናገሩ መሣሪያዎች የተሰናዱ ናቸው። ታላቁ ቁጥር የሠንጠረዡ ተራ ቁጥር ከመሆን በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም፤ በዚያ ተራ ላይ፣ መሣሪያው ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲነበብና ሲጻፍበት የሚጠሩት የድራይቨሩ ክፍሎች አድራሻ ሰፍሯል። ድራይቨርን ማስገባት ማለት እንግዲህ በመጀመሪያው ትርጓሜው ይህን ተራ መሙላት ነበር።

ተራው የሚሞላው ግን እንደ ዛሬው ማሽኑ እየሠራ አልነበረም። ከቤል ላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው በተሠራጨው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው በስድስተኛው እትም፣ አዲስ መሣሪያ የመጣለት የሥርዓት ኃላፊ «ኤምኬኮንፍ» ለሚባለው ፕሮግራም በማሽኑ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ስም ዘርዝሮ ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙም ከላይ የተነገሩትን ሠንጠረዦችና የኢንተረፕት አድራሻዎችን፣ ማለት መሣሪያው ጉዳይ ሲኖረው ፕሮሰሰሩን ከሥራው አቋርጦ የሚጠራባቸውን በሮች፣ የያዙ ሁለት ፋይሎች ይጽፍለታል፤ እነዚህም ተተርጉመው ከቀረው የከርነል አካል ጋራ ከተጋጠሙ በኋላ፣ በዚህ መንገድ የተወለደው አዲስ ከርነል በዲስኩ ላይ ተቀምጦ ማሽኑ እንደ ገና ይነሣል፤ ከዚያም ኃላፊው «ኤምኬኖድ» በሚባለው ትእዛዝ ልዩ ፋይሉን በገዛ እጁ ይፈጥራል። የማስነሻው ፕሮግራም የሚነሣውን ከርነል ስም ይጠይቅ ስለ ነበረ፣ አስተዋይ የሆነ ሰው አሮጌውን ከርነል በሌላ ስም ሳያስቀምጥ አዲሱን አይሞክርም።

ማስወጣቱም በዚሁ መንገድ የሚፈጸም ሆኖ፣ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጥንቃቄ ነበረው። ከዝርዝሩ የአንድ ድራይቨር ስም ሲፋቅ የታችኞቹ ተራዎች ወደ ላይ አይሳቡም፤ በባዶው ተራ ላይ «ኖዴቭ» የምትባል፣ ስሕተት ከመመለስ በቀር ሌላ ተግባር የሌላት አጭር ክፍል ትቀመጣለች። ይህ ባይደረግ ኖሮ በ«ዴቭ» ውስጥ ያሉት ፋይሎች የቀድሞ ቁጥራቸውን እንደ ያዙ ሲቀሩ ሠንጠረዡ ከሥራቸው ስለሚንሸራተት፣ ለማተሚያ የተላከ ደብዳቤ በዲስክ ላይ ተጽፎ የሌላ ሰው ሥራ ሊያጠፋ በቻለ ነበር። ይህ አሮጌ ሥርዓት፣ ለአንድ ካርድ ተብሎ የሁሉም ተጠቃሚ ሥራ መቆሙ ቢያስነቅፈውም፣ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ያጡት አንድ ጸጋ ነበረው፤ ድራይቨር የሚገባውም የሚወጣውም ማሽኑ ሲቆም ብቻ ስለ ሆነ፣ በሥራ ላይ ያለውን ድራይቨር ከሥሩ መንቀል ለማንም የሚቻል አልነበረም።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ሰዎች ለቫክስ ማሽን ባሰናዱት ዩኒክስ ላይ አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ ከርነሉ ሲነሣ ያሉትን መሣሪያዎች ራሱ እንዲፈልግ አደረጉት። ድራይቨሩ «ፕሮብ» በሚባለው ክፍሉ መሣሪያውን ሆን ብሎ ነክቶ ኢንተረፕት እንዲልክ ያደርገውና፣ ምልክቱ በየትኛው በር እንደ መጣ አይቶ አድራሻውን ይማር ነበር። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋራ አስቀድሞ መጋጠሙ አልቀረም።

የተሟላው ለውጥ የታየው ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ሶላሪስ 2 ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት ከርነሉ ራሱ ጥቂት ዋና አካል ብቻ ሆኖ፣ ድራይቨሮቹ ሁሉ በዲስክ ላይ በየራሳቸው ፋይል ተቀምጠው፣ ሲፈለጉ ወደ ሜሞሪ የሚጠሩ ሞጁሎች ሆኑ። የድራይቨር መግባትም ከዚህ ወዲያ ሁለት ነገር ሆነ፤ አንደኛው በመዝገብ መጻፍ ሲሆን ሁለተኛው በሜሞሪ ማደር ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው በዩኒክስ ማሽን ፊት ብዙ ሌሊት ያለ እንቅልፍ ያድራል።

በመዝገብ የሚጽፈው «አድ_ዲአርቪ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ኃላፊው አስቀድሞ የድራይቨሩን ፋይል በከርነሉ የድራይቨር ዶሴ ውስጥ ይገለብጣል፤ ቀጥሎም ትእዛዙን ከድራይቨሩ ስምና ድራይቨሩ ከሚያውቃቸው መሣሪያዎች መታወቂያ ጋራ ይጽፋል። ትእዛዙ ያልተያዘ ታላቅ ቁጥር ፈልጎ «ኔም ቱ ሜጀር» በተባለው ፋይል ያሰፍራል፤ የመሣሪያዎቹን መታወቂያ «ድራይቨር ኤሊያስስ» በሚባለው፣ በልዩ ፋይሎቹ ላይ የሚሰጠውን ፈቃድ ደግሞ በሌላ መዝገብ ይጽፋል። መታወቂያው ከካርዱ ከራሱ የሚነበብ ነው፤ ፒሲአይ በሚባለው ሥርዓት የሚገባ ካርድ ሁሉ የፋብሪካውንና የሞዴሉን ቁጥር በላዩ ተሸክሞ ይመጣል፤ የኢንቴል ቁጥር 8086 መሆኑም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን ዝነኛ ፕሮሰሰር ያስታውሳልና፣ በእነዚህ ደረቅ መዝገቦች መካከል እንዲህ ያለ ፈገግታ የሚያሰኝ ነገር መገኘቱ ደስ ያሰኛል። መዝገቡ ከተጻፈ በኋላ ሥርዓቱ ድራይቨሩን ከመሣሪያው ጋራ ለማያያዝ ይሞክራል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚደናገርበት መልስ አለ፤ ይኸውም ድራይቨሩ በሚገባ ተጨምሯል፤ ከመሣሪያው ጋራ ግን ሊያያዝ አልቻለም የሚል ነው። መልሱ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል፤ ነገር ግን መዝገቡ ተጽፏል፣ ማደሪያው አልተገኘም ማለቱ ነውና፣ ካርዱ ከቦታው አለመኖሩን ወይም መታወቂያው በትክክል አለመጻፉን መመርመር ይገባል እንጂ ትእዛዙን ደጋግሞ መጻፍ ምንም አይረባም።

ሌላም መዝገብ አለ፤ «ፓዝ ቱ ኢንስት» ይባላል። ይህ መዝገብ እያንዳንዱ መሣሪያ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠበትን ቦታ ከተሰጠው ቁጥር ጋራ አጣምሮ ይጠብቃል፤ ካርዱ ተነቅሎ ቢወጣ እንኳ ቁጥሩን አይረሳለትም። አንድ ሰው የኔትወርክ ካርዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ በሌላው ቢሰካው፣ ካርዱ ያው፣ ድራይቨሩም ያው ሆኖ ሳለ፣ ሥርዓቱ 0 የነበረውን 1 ብሎ ይጠራዋል፤ በቀድሞው ስም የተጻፈው የኔትወርክ አድራሻም ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ካርዱን ሲጠራጠር፣ ገመዱን ሲለውጥ፣ ድራይቨሩን አውጥቶ እንደ ገና ሲያስገባ ይውላል፤ መዝገቡ ግን በዚህ ሁሉ አይነካም።

አሁን ወደ መውጣቱ እንመለስ። አንድ በጅሮንድ ከግምጃ ቤቱ ሲሻር የሹመቱ ደብዳቤ ስለ ተቀደደ ብቻ ሊወጣ አይችልም፤ ቁልፉን ማስረከብ፣ በስሙ የወጣውን ሁሉ ማወራረድ፣ በደጁ የቆሙትን ባለጉዳዮች ማሰናበት አለበት፤ ድራይቨርም እንዲሁ ነው። ከመሣሪያው ጋራ ሲያያዝ «አታች» የሚባለው ክፍሉ ለራሱ ሜሞሪ ጠይቋል፣ የመሣሪያውን መቆጣጠሪያ አድራሻዎች በሜሞሪ ላይ ዘርግቷል፣ ኢንተረፕት ሲመጣ የሚጠራውን ክፍል አስመዝግቧል፣ ልዩ ፋይሉንም አሳውቋል። «ዲታች» የሚባለው ክፍል እነዚህን ሁሉ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ይመልሳል፤ ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው ኢንተረፕት መላኩን እንዲተው ያደርገዋል። ቅደም ተከተሉ ቢፋለስ፣ ለምሳሌ ሜሞሪው ተመልሶ የኢንተረፕቱ ምዝገባ ሳይፋቅ ቢቀር፣ ካርዱ ከሰከንድ ክፍልፋይ በኋላ ምልክት ሲልክ ፕሮሰሰሩ ትናንት ድራይቨር ወደ ነበረበት፣ ዛሬ ግን ሌላ ነገር ወደ ሰፈረበት አድራሻ ዘልሎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑን የሚያተርፈው የለም።

የሶላሪስ ድራይቨር ጸሐፊዎች ይህን ቅደም ተከተል በሁለት ክፍሎች አጻጻፍ ላይ በግልጥ ያሳዩታል። «ኢኒት» በሚባለው፣ ሞጁሉ ወደ ሜሞሪ ሲገባ በሚጠራው ክፍል ውስጥ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ አስቀድሞ ተሰናድቶ፣ ሞጁሉን ለከርነሉ የሚያስተዋውቀው ጥሪ በመጨረሻ ይደረጋል፤ «ፊኒ» በሚባለው የመውጫ ክፍል ግን ከከርነሉ ስንብት የሚጠይቀው ጥሪ መጀመሪያ ይደረግና፣ ፈቃድ ከተገኘ ብቻ የተሰናዳው ይፈርሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከርነሉ ድራይቨሩ ገና በሥራ ላይ ስለ ሆነ አይሄድም ብሎ ቢከለክል፣ አስቀድሞ ቤቱን ያፈረሰ ድራይቨር በፈረሰ ቤት ውስጥ ማገልገሉን ሊቀጥል ነው። ይህን አንድ መስመር አሳስቶ የጻፈ ሰው ድራይቨሩ ለወራት በደኅና ሲሠራ ያየዋል፤ ስሕተቱ የሚገለጠው አንድ ቀን ሌላ ሰው ሊያስወጣው ሲሞክር ነው።

ከመዝገብ የሚፍቀው ትእዛዝ «ሬም_ዲአርቪ» ይባላል። ትእዛዙ ታላቁን ቁጥርና መታወቂያዎቹን ይሰርዛል፤ ድራይቨሩንም ከሜሞሪ ለማውጣት ይሞክራል፤ መሣሪያው ከተያዘ ግን ማውጣቱ እንዳልተቻለና ማሽኑ ዳግመኛ ሲነሣ እንደሚወጣ ይነግራል። በዚህን ጊዜ ድራይቨሩ በመዝገብ የሌለ፣ በሜሞሪ ግን ያለ ነው፤ ከመግቢያው ጊዜ ሁኔታ ጋራ ፍጹም ተቃራኒ ማለት ነው። በዲስክ ላይ ያለውን የድራይቨሩን ፋይል «ሬም_ዲአርቪ» አይነካውም፤ እርሱን ማጥፋት የኃላፊው ፈንታ ነው። ከሜሞሪ ብቻ ለማውጣት የፈለገ ደግሞ «ሞድኢንፎ» በሚባለው ትእዛዝ የሞጁሉን ቁጥር አይቶ በ«ሞድአንሎድ» ያሰናብተዋል፤ መዝገቡ ስላልተነካ ግን መሣሪያውን የሚከፍት ፕሮግራም በተነሣ ጊዜ ድራይቨሩ ማንም ሳይጠራው ተመልሶ ይገባል። አስወጣሁት ያለው ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በዝርዝሩ ላይ ሲያየው ጥፋቱ የማሽኑ ይመስለዋል።

ሊኑክስ ይህንኑ ነገር በሌላ መልክ ደገመው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ሥርዓት ዛሬ ከምንጭ ጽሑፉ ከግማሽ የሚበልጠው ድራይቨር ስለ ሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ከርነል አጋጥሞ ማስነሣት የማይታሰብ ነው። «ኢንስሞድ» አንድን ሞጁል በፋይል ስሙ ያስገባል፤ «ሞድፕሮብ» ደግሞ «ዴፕሞድ» ያሰናዳውን የዝምድና ሠንጠረዥ ተመልክቶ፣ ድራይቨሩ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ሞጁሎች አስቀድሞ አስገብቶ እርሱን ያስከትላል። «ኤልኤስሞድ» የገቡትን ሲዘረዝር ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ ቁጥር ያሳያል፤ ይህ ቁጥር ሞጁሉን የያዙት ስንት እንደ ሆኑ የሚናገር ነውና፣ 0 ካልሆነ በቀር «አርኤምሞድ» የሚባለው የማስወጫ ትእዛዝ አይታዘዝም።

ይህ ቁጥር ቀላል ነገር ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ከቀላል የራቀ ነው። በቀድሞዎቹ የሊኑክስ እትሞች ቁጥሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ድራይቨሩ ራሱ ነበር፤ ማለት መሣሪያው ሲከፈት የድራይቨሩ የመክፈቻ ክፍል ሥራውን የሚጀምረው ቁጥሩን በአንድ በመጨመር ነው። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ወደ ክፍሉ በገባበትና ቁጥሩ በተጨመረበት ቅጽበት መካከል ሌላ ፕሮሰሰር ቁጥሩን 0 ሆኖ አግኝቶ ሞጁሉን ሊያስወጣው ይችላል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፕሮሰሰር እየፈጸመው ያለው ትእዛዝ ራሱ ከሥሩ ይጠፋል። ድራይቨሩ በውስጡ ሆኖ የራሱን መያዝ ሊመሰክር እንደማይችል የተረዳው ረስቲ ራስል የተባለው ባለሙያ የሞጁሉን አስተዳደር እንደ አዲስ ጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በወጣው በ2.6 እትም ላይም ቁጥሩን የሚጨምረው ወደ ድራይቨሩ ከመግባቱ በፊት፣ በደጅ ሆኖ፣ ከርነሉ ሆነ። ከርነሉ ሲሰናዳም ሞጁሎች መግባት እንጂ መውጣት እንዳይችሉ አድርጎ ማሰናዳት ይቻላል፤ ይህ ምርጫ መኖሩ ብቻ ማስወጣት ከማስገባት የከበደ ነገር መሆኑን መቀበል ነው። ቁጥሩን ሳይመለከት በግድ የሚነቅል አማራጭም አለ፤ እርሱን የተጠቀመ ከርነል ግን «ተበክሏል» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ገንቢዎቹም ምልክቱ ካለበት ማሽን የመጣን የብልሽት ወሬ ብዙ ጊዜ አይሰሙትም።

በሊኑክስ ዘንድ የተሰናበተ ድራይቨር ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ ከሶላሪስ ይበልጥ ስውር ነው። ማሽኑ ሲነሣ «ዩዴቭ» የሚባለው አገልጋይ የካርዱን መታወቂያ አንብቦ ለዚያ የተሰናዳውን ሞጁል ይጠራል፤ ስለዚህ ትናንት በ«አርኤምሞድ» የወጣው ዛሬ ጠዋት በቦታው ይገኛል። ይህን ለመከልከል የሞጁሉ ስም በጥቁር መዝገብ መጻፍ አለበት፤ የኤንቪዲያን የግራፊክስ ድራይቨር የሚያስገቡ ሰዎች አስቀድመው «ኑቮ» የተባለውን ነጻ ድራይቨር በዚህ መዝገብ የሚጽፉት ሁለቱ አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ ሊያዝዙ ስለማይችሉ ነው። ይሁን እንጂ ጥቁሩ መዝገብ የሚከለክለው በመታወቂያ የሚደረገውን ጥሪ ብቻ ነው፤ በስሙ የጠራው ሰው ወይም የሚደገፍበት ሌላ ሞጁል ቢኖር ይገባል። ከዚህም ሌላ፣ ማሽኑ ሲነሣ ዋናው ዲስክ ከመከፈቱ በፊት የሚጠቀምበት ትንሽ የፋይል ሥርዓት የድራይቨሮቹን ቅጂ በውስጡ ስለሚይዝ፣ መዝገቡን ጽፎ ይህን ቅጂ ያላደሰ ሰው ድካሙ በሚቀጥለው መነሣት ሲፈርስ ያየዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ወደ እምብርቱ የሚያስገባው በር ለወዳጅ ብቻ ሳይሆን ለጠላትም ክፍት መሆኑን ያዩ አሉ፤ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን የሰረቀ ሰው ራሱን የሚሰውርበትን ፕሮግራም በድራይቨር ስም ያስገባልና። ሊኑክስ ለዚህ በእምነት ማኅተም ያልታተመ ሞጁል እንዳይገባ የሚያደርግ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው በ3.7 እትም ላይ ሲጨምር፣ ኦፕንቢኤስዲ የተባለው የበርክሌይ ዘር የሆነው ሥርዓት ግን ከዚያ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው በ5.7 እትሙ በሩን ጨርሶ ዘጋው፤ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ የሚገባም የሚወጣም ሞጁል የለውም፤ ልክ እንደ ስድስተኛው እትም ማለት ነው። ይህን ወደ ኋላ መመለስ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን መሣሪያቸው ከዓመት ዓመት ለማይለወጥ የኔትወርክ ጠባቂ ማሽኖች የተገባ ውሳኔ ይመስለኛል። ዕለት ዕለት የዩኤስቢ ዕቃ ለሚሰካበትና ለሚነቀልበት የሥራ ጠረጴዛ ኮምፒዩተር ግን ጥቂት ያስቸግራል።

አንባቢ ሆይ፣ ድራይቨር የማስወጣት ግዴታ የደረሰብህ እንደ ሆነ፣ ትእዛዙን ከመጻፍህ በፊት መሣሪያውን የያዘው ማን እንደ ሆነ ጠይቅ፤ የፋይል ሥርዓት ከላዩ ላይ ተከፍቶ እንደ ሆነ ዝጋው፣ የኔትወርክ ካርድም እንደ ሆነ አውርደው፣ የሚያነብበት ፕሮግራም ካለ አቁመው፤ ከዚያ ከሜሞሪ አሰናብተህ ከመዝገብ ፋቀው፤ ፋይሉን ከዲስክ የምታጠፋው በመጨረሻ፣ ማሽኑ አንድ ጊዜ በደኅና ከተነሣ በኋላ ይሁን። መሣሪያው ተይዟል የሚል መልስ ከመጣልህና የያዘውን ፈልገህ ካጣህ፣ ለተጠቃሚዎቹ ሰዓት ነግረህ ማሽኑን ዳግመኛ አስነሣው፤ በግድ የሚነቅለውን አማራጭ ግን ሌላ ሰው በሚገለገልበት ማሽን ላይ አትሞክረው።